ሠላሳ ዓመት የቆመች ቮልስ እንዴት ትነሣለች?

በአዲስ አበባ በአሮጌ ግቢዎች ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ወይም ከኮባው ሥር፣ በሸራ ተሸፍና የቆመች ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ይዘዋል፤ ጣሪያዋ ላይ ቅጠል ተከምሯል፤ ከሥሯ ዶሮ ትጭራለች። የቤቱ ልጆች አድገዋል። ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ «ለምን አናስነሣትም?» ይላል። ባትሪ ከጎረቤት ይመጣል፣ አምስት ሊትር ቤንዚን ይገዛል፣ ቁልፉ ይዞራል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ነው፤ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት እንዲያነበው። መኪናዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደረሰባት ጉዳት ይልቅ ቁልፉ በተዞረባቸው የመጀመሪያ አሥር ሴኮንዶች የሚደርስባት ሊብስ ይችላል።

ለምን ቮልስ? ለምንስ አሁን?

«ክላሲክ» የሚባለው መኪና የትኛው ነው በሚለው ላይ ሰው ሁሉ የራሱ መለኪያ አለው። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ፊቫ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውንና ይዞታው የተጠበቀውን ታሪካዊ ይለዋል። በዚህ መለኪያ ሴቼንቶም፣ ፔጆ 404ም ይገባሉ። ስለ ቮልስ መጻፍ የመረጥሁት አሠራሯ ግልጽ ስለሆነ ነው፤ የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ የቆመ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሊረዳው ይችላል። መለዋወጫዋም አልጠፋም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ ቁጥሯም 21,529,464ኛ ነበር። ይህን ያህል የተሠራ መኪና የፍሬን ላስቲኩና ፑንቲናው (የሞተሩን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነው መቀያየሪያ) ዛሬም ይመረታል፤ ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣው ጥግ ይዞት ሊመጣ የሚችል ትንሽ ዕቃ ነው።

ለእኛ ደግሞ ቮልስ ከመኪናነት ያለፈ ትዝታ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ነገሩን ወቅታዊ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና በአግባቡ መጠገን ከትርፍ ጊዜ ፍላጎት አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

በቆመ መኪና ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከውጭ ሲያዩት የቆመ መኪና ጸጥ ያለ ነው። ከውስጥ ግን አየርና ውኃ ሥራ አልፈቱም።

ከቤንዚኑ እንጀምር። ቤንዚን በቀላሉ የሚተኑና ለመትነን የሚያስቸግሩ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር የሚነሣው በቀላሎቹ ነው፤ ቀድመው ተነው የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው። የቀረው ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ሙጫ ይሆናል። ጀበና ውስጥ ተረስቶ የከረመ ቡና አንገቱ ላይ እንዴት እንደሚጋገር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የታንኩን ክዳን ከፍተው ሲያሸቱ የሚመጣው ሽታ የቤንዚን ሳይሆን የቫርኒሽ ነው። መኪናዋ የቆመችው ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ኢታኖል የተደባለቀ ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ ኢታኖል ደግሞ ውኃ ይስባል።

ውኃ በመሳብ ግን የፍሬን ዘይትን የሚያህል የለም። በክረምት ክዳኑ ሳይገጠም የተተወ ጨው በአንድ ሳምንት እንዴት እንደሚረጥብ እናውቃለን፤ የፍሬን ዘይትም ጠባዩ እንደዚያው ነው። በጎማ ቱቦው ግድግዳና በክዳኑ የአየር ቀዳዳ በኩል እርጥበትን ቀስ በቀስ ይጠጣል። የጠጣው ውኃ ፍሬኑን የሚገፉትን ትናንሽ ሲሊንደሮች ከውስጥ ያዝጋቸዋል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና።

የሞተር ዘይት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ብረትን ከብረት የሚለየው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። መኪናዋ ስትቆም ይህ ሽፋን በወራት ውስጥ ተንጠባጥቦ ያልቃል፤ ከላይ ያሉት ክፍሎች ራቁታቸውን ይቀራሉ። ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት ቫልቩ ክፍት የነበረው ሲሊንደር በማርሚታው በኩል ከውጭው አየር ጋር እየተገናኘ ይከርማል፤ የሠላሳ ክረምት እርጥበት ገብቶበታል ማለት ነው። የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በቀጭን ዝገት ይጣበቃል። ጋራዥ ውስጥ «ሞተሩ ነክሷል» የሚሉት ይህን ነው።

ሞተሩ መንከሱ እንዴት ይታወቃል?

በእጅ። በሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን በሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) አይሞከርም፤ በገመድ እየተጎተተችም፣ በሰው እየተገፋችም አይሞከርም። የዛገ ፋሻ በጉልበት ሲላቀቅ ይሰበራል፤ ስባሪውም ሲሊንደሩን እየፋቀ ይወርዳል። በሳምንት ትዕግሥት የሚድን ሞተር በአንድ ግፊት ወደ ሙሉ እድሳት ይሄዳል።

ሥራው እንዲህ ነው። ማርሹ ነጻ ላይ ይደረጋል፤ ብልጭታ የሚሰጡት አራቱ ካንዴላዎች በጥንቃቄ ይፈታሉ፤ በየቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይፈስሳል። ብዙ መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ደባልቀው ይጠቀማሉ። አሴቶን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በአካባቢው ሲጋራም ከሰልም አይኖርም። እዚህ ላይ ቮልስ ከሌሎች መኪኖች የምትለይበት ነገር አለ። በአብዛኛው መኪና ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ዘይቱ በፋሻው ዙሪያ ሁሉ ይቀመጣል። የቮልስ አራት ሲሊንደሮች ግን ሁለቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ጋደም ብለው የተሠሩ ናቸው። የፈሰሰው ዘይት የታችኛውን ግማሽ ብቻ ያርሳል። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ቀናትን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቀን ብቻ ጠብቀው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የ21 ቁልፍ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ዲናሞ ፑሊ (የቺንጋ መንኮራኩር) ዳዶ ላይ ይገባል። ፑሊውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ጠባቂ ሆኖ ያገለግላል፤ ሞተሩ ከነከሰ ቺንጋው ይንሸራተታል እንጂ ብረት አይሰበርም። ቁልፉን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊት ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት ማወዛወዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጣት ላይ ብቻ የሚሰማ ትንሽ መላላት ይመጣል፤ ፑሊው የአንድ ስንዴ ቅንጣት ያህል ይሄዳል። ያን ጊዜ መጣደፍ ነው የሚያበላሸው። እንደገና ዘይት፣ እንደገና ማወዛወዝ። ሞተሩ ሙሉ ዙር ሲዞርና ከካንዴላ ቀዳዳዎቹ የቆሸሸ ዘይት «ፍስስ» እያለ ሲወጣ የሚሰማው ደስታ ለሳምንቱ ድካም ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል። የቮልስ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ዘመናዊ መኪኖች ያላቸው የወረቀት ፊልትሮም የለውም። ከሥሩ በስድስት ትናንሽ ብሎኖች የተያዘ ክብ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ በላይ የሽቦ ወንፊት ተቀምጧል። ወንፊቱን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ መገልበጥ የሐኪም ምርመራ ያህል ነው። ጥቁር ጭቃ ብቻ ካለ የሚጠበቅ ነው። የሚያብለጨልጭ ፍቅፋቂ ካለ ግን የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ እየተበላ ነበር ማለት ነው፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መከፈት ይኖርበታል።

ቤንዚኑ የሚያልፍበት መንገድስ?

ታንኩ ከፊት ነው፤ ሞተሩ ከኋላ። ቤንዚኑ በወለሉ መሐል በሚያልፍ ቀጭን የብረት ቱቦ ይጓዛል፤ በሁለቱም ጫፍ አጫጭር የጎማ ቱቦዎች አሉት። የድሮው ቱቦ በላዩ ጨርቅ ስለተጠለፈ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ጨርቁ ሥር ያለው ጎማ ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ሁሉም ይቀየራሉ፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም። የቮልስ ሞተር አካል የተሠራው ማግኒዚየም ካለበት ቅይጥ ነው። ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ በነጭ ብርሃን ይነድዳል፤ ውኃ ሲያፈስሱበትም ይብስበታል። አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ መኪናውን በሙሉ ልታቃጥል ትችላለች። ትንሽ የቤንዚን ማጣሪያ መጨመር መልካም ነው፤ የሚቀመጠው ግን ከካምቢዮው አጠገብ እንጂ ሞተሩ ላይ አይደለም። ካርቡራቶሩ አጠገብ ሲንጠለጠል ክብደቱ ከንቅጥቅጡ ጋር ሆኖ የነሐሷን የቤንዚን መግቢያ ከቦታዋ ሊያላቅቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል።

ታንኩ ወጥቶ ይገለበጣል፣ ይታጠባል። ዝገቱ ቀላል ከሆነ አቼቶ ሞልቶ ጥቂት ቀን ማሳደር ያጠራዋል፤ ከዚያ በሶዳ ውኃ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ነው። ታንኩ ከተበሳ በምንም ምክንያት ብየዳ አይነካውም። ባዶ ነው ተብሎ የተበየደ የቤንዚን ታንክ በውስጡ በቀረው ትነት ይፈነዳል፤ ሰው ሞቶበታል።

ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚደባልቀው ዕቃ ነው። ልቡ ከነሐስ የተሠሩ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሙጫው የሚደፍነውም እነርሱን ነው። በሽቦ አይወጉም። ሽቦው ቀዳዳውን ከመጠኑ ያሰፋዋል፤ መኪናዋም ዕድሜዋን ሙሉ ቤንዚን ትጠጣለች። በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፎ በታመቀ አየር መንፋት ይበቃል።

አይጥ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ፋን ነው፤ ነፋሱ በሞተሩ ላይ በተገጠመው የላሜራ ሽፋን ውስጥ ተመርቶ በሲሊንደሮቹ ላይ በተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል ያልፋል። ይህ ሽፋን ጨለማ፣ ደረቅና ከዝናብ የተጠለለ ነው። ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ከወንበር የነቀለችውን ጭድና ጨርቅ በዚያ ታከማቻለች።

ሞተሩ ተነሥቶ ለአሥር ደቂቃ በመልካም ሁኔታ ሊሠራ ይችላል። የሙቀት መለኪያ ስለሌለ ነጂው ምንም አያይም። ጎጆው ያረፈበት ሲሊንደር ግን ነፋስ ስላላገኘ ይግላል፣ ፒስተኑም ይነክሳል። ሌላው ሁሉ በትክክል ተሠርቶ ሞተር የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሽፋኑን ፈትቶ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መዝለል አይገባም። ሲጸዳም አፍንጫና አፍን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል፤ የአይጥ ሽንትና ኩስ በሽታ ያስተላልፋል።

ማንኛውም ባትሪ ይሆናል?

አይሆንም። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ወደ 12 ተዛወሩ። ከጎረቤት የመጣው ባትሪ 12 ከሆነና መኪናዋ የ6 ከሆነች አምፖሎቹ ይቃጠላሉ። አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

የባትሪው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የተረሳ ባትሪ አሲዱን አፍስሶ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል፤ ምንጣፉን አንሥቶ በካቻቢቴ መውጋት እውነቱን ያሳያል። የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ጋር እንዳይነካካ የባትሪው ክዳን መኖሩም ይታይ፤ ክዳኑ ከሌለ ከኋላ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ከመነሣቷ በፊት መቆም መቻሏ ለምን ይቀድማል?

መኪና ሲነሣ ሰው ያጨበጭባል። ሲቆም የሚያጨበጭብ የለም። ስለዚህ ገንዘቡም ጉጉቱም ወደ ሞተሩ ይሄድና ፍሬኑ «በኋላ» ይባላል። ሞተሩ በተነሣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደግሞ አንዱ ሰው መንደር ውስጥ አንድ ዙር ካልዞርሁ ይላል። የምጽፈው ይህን ቅጽበት እያሰብሁ ነው።

የቮልስ ፍሬን በፈሳሽ የሚሠራ ነው። እግር ሲረገጥ ፈሳሹ ይገፋል፤ በየጎማው ውስጥ ያለች ትንሽ ሲሊንደር የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ጋር ታጣብቃለች። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ላይ ለአራቱም ጎማ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ፤ የቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፤ እርሱም ሽቦው ዝጎ ሊሆን ይችላል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚህ መስመር ውስጥ ምን አለ? ውኃ የጠጣ ቡናማ ፈሳሽ፣ የዛጉ ሲሊንደሮች፣ የደረቁ ላስቲኮች። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንከር ብሎ ሊሰማና ደህና ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሲሊንደሮቹ ከነጭራሹ ስለማይንቀሳቀሱ ነው። የጎማ ቱቦዎቹም ከውስጥ አብጠው ይዘጋሉ፤ ፈሳሹ በእግር ጉልበት ይገባል፣ እግር ሲነሣ ግን መመለሻ ያጣል፤ ፍሬኑም እንደያዘ ይቀራል። እነዚህን አንድ በአንድ መጠገን አያዋጣም። ዋናው ሲሊንደር፣ አራቱ የጎማ ሲሊንደሮችና አራቱ የጎማ ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ የብረት ቱቦዎቹ በጣት እየተዳሰሱ ይመረመራሉ።

አዲስ ፈሳሽ መሙላቱም ቀላል ነገር አይደለም። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላበት ሙቀት ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወርዱ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲቆለቆሉ ፍሬኑ ይህን ያህል ሊግል ይችላል። ፈሳሹ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። እግር እስከ ወለል ይወርዳል፤ መኪናው አይቆምም።

ታምቡሩ ሲከፈት የሚገኘው አቧራ በአፍ «እፍ» አይባልም፣ በታመቀ አየርም አይነፋም። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ወደ ሳንባ ሲገባ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በውኃ አርሶ በጨርቅ ጠርጎ መጣል ነው። በየጋራዡ ይህን በባዶ አፍ ሲነፉ የሚውሉ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር እቆጫለሁ።

ጎማዎቹ ደግሞ ጥርሳቸው አዲስ ቢመስልም ይጣላሉ፤ ላስቲክ በዕድሜው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ካላማዳሪውም እንዲሁ። አዲስ የሚባል ጎማ ሲገዛ ከጎኑ ያሉት አራት አሃዞች ይነበቡ፦ 2319 ማለት በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው።

የመጀመሪያው ማስነሣት እንዴት ይሁን?

ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት በቀጥታ ዶሮ ወጥ ላይ አይወድቅም። በቤታችን በመጀመሪያ ተልባ ይቀርባል፤ የደረቀው አንጀት ይለሰልሳል። ለሞተሩ ተልባው ዘይት ነው።

አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላ ካንዴላዎቹ ሳይመለሱ፣ ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፣ ሞተሩ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ ይዞራል። ካንዴላ ስለሌለ ሞተሩ ጫና የለበትም፤ ፓምፑ ዘይቱን ወደየቦታው ያደርሳል። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ከጠፋ በኋላ ፑንቲናው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ጸድቶ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ ካንዴላዎቹ ይመለሳሉ። የቺንጋው ውጥረት በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሰጥ ይሁን።

መኪናዋ ከግቢው ሜዳ ላይ ትውጣ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሞከርም። ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት የተቀጣጠለ ከሰል ሰው የሚገድልበት ያው ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም። አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም፤ የዱቄቱ ዓይነት ይሁን።

ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ ብዙ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የፈሰሰው ዘይት እየነደደ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃዎች አያስደነግጥም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰማያዊ ጭሱ ካልቀነሰ ፋሻው አልተላቀቀም ወይም አልቋል። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ ከታየ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከፍታው ነው። በከተማችን የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ አውሮፓ ውስጥ የተለካው ካርቡራቶር ለዚህ ስስ አየር ቤንዚን ያበዛል። አነስ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ መግጠም ይፈታዋል። ድሬዳዋ ላይ ደህና የነበረች መኪና አዲስ አበባ ስትገባ የምታጨሰውና ጉልበቷ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሞቂያውን ለጊዜው አይክፈቱት። የቮልስ ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ መውጫው ዙሪያ አሳልፎ ነው፤ ቱቦው ዝጎ ከተበሳ ጭሱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይገባል።

ቀለሙስ? ሊብሬውስ?

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ሰው ግን የሚጀምረው በእርሱ ነው። አዲስ ቀለምና ስቱኮ የተበላ ላሜራን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። መጀመሪያ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በሮቹ ሥር ያሉት ረጃጅም ሳጥኖች፣ ወለሉና የፊተኛው ተሸካሚ ብረት የተቀመጠበት ቦታ ይፈተሹ። እኔ ብሆን ጠንካራ የሆነውን የድሮ ቀለም፣ ቢደበዝዝም፣ አልነካውም። የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

የሊብሬው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከዝገቱ ይከብዳል። ባለንብረቱ ካረፉ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፤ ከዚያ ስም ይዛወራል። ዓመታዊ ምርመራ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይከተላሉ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማየት ይገባል። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው እግር በታች ተቀርጿል።

መኪናዋ መንገድ ላይ ስትወጣስ?

በመጀመሪያው ሳምንት ከሰፈር አትራቅ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደርና ጠዋት የተንጠባጠበውን ማየት፤ ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፣ የሳሙና ውኃ የሚመስልና በጎማው አጠገብ ያለ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ያን ቀን አትነዳም። የዲናሞው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ቢበራ ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ ጋር ማቀዝቀዣውም ቆሟል።

የመጀመሪያው ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሠላሳ ዓመት ከግድግዳው ላይ የተጋገረውን ሁሉ አጥቦ ይወርዳልና ጠቁሮ ያገኙታል። ስድስቱን ብሎኖች ፈትቶ ወንፊቱን እንደገና በነጭ ጨርቅ ላይ መገልበጥ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ በፀሐይ ብርሃን ማየት።